ከመርከቡ ውስጥ ያላወጣሁህ

ሲሳይዬ፣

ከተለየኸን ሰባት ወር ሞላ። ጀሞ ያለው ቤታችን እንደተውከው ነው። ልጃችን ማርታ ግን ሁለት የፊት ጥርሶቿ ወልቀው፣ ስትስቅ ቁርጥ አንተን ሆናለች።

ላንጋኖ የሄድን ጊዜ ትዝ ይልሃል? እኔ እስከ ጉልበቴ ገብቼ ስጮህ፣ አንተ ውሃው ውስጥ ጠፍተህ ቆየህና ከኋላዬ ብቅ አልክ። ሳምንት ሙሉ አኮረፍኩህ። የመካኒሳ ልጅ ውሃ የት ያውቃል እያልኩ ስቀልድብህ፣ መርከበኛ ሆነህ ኖርዌይ ድረስ ሄድክ። እዚያም በእረፍትህ የአየር ሲሊንደር አዝለህ፣ በዚያ ብርድ፣ የሰመጡ መርከቦችን ለማየት መጥለቅ ለመድክ። ተው ስልህ ትስቅብኛለህ።

አብሮህ የጠለቀው ጓደኛህ ኤሪክ ራሱ ነው ደውሎ ያረዳኝ። የአንድ የሰመጠ መርከብ ሞተር ክፍል ውስጥ ሳላችሁ ደለሉ ተነሥቶ ምንም አልታይ አለ። የምትተነፍስበትን ዕቃ ብርዱ አበላሸውና አየርህ ዝም ብሎ እየፈሰሰ አለቀ። እሱ የራሱን ሊሰጥህ በእጁ ዳበሰ፣ ዳበሰ፤ አላገኘህም።

በሦስተኛው ቀን እንደገና ደወለ። የነፍስ አድን ጠላቂዎቹ የመርከቡ ውስጥ እየተደረመሰ ነው ብለው ትተውሃል። እሱ ግን እኔ ከፈቀድኩ ገብቶ ሊያወጣህ ቆርጧል። «ልግባ?» አለኝ። ከጀርባው ሕፃን ልጁ ሲያለቅስ ይሰማኛል። እናትህ ፊት ለፊቴ ቆመው አፍ አፌን ያያሉ። ዋና እንኳ የማላውቅ ሴት ምን ልበል?

«አትግባ» አልኩት።

አስክሬን በሌለበት ድንኳን ተተክሎ፣ ፎቶህን ይዘን አለቀስን። እናትህም «ልጄን ለዓሣ ሰጠሽው» አሉኝ፤ ከዚያ ወዲህ አያናግሩኝም። እሑድ እሑድ ማርታን መካኒሳ አቦ ቤታቸው ድረስ እወስድላቸዋለሁ። እሷን አቅፈው ያስገባሉ፤ እኔ የግቢው በር ላይ ቆሜ እጠብቃለሁ። አልቀየማቸውም። ልክ ልሥራ ልሳሳት እኔም አላውቅም። ዝናብ በጣለ ቁጥር በርዶህ ይሆን እላለሁ። ሞኝነት መሆኑን እያወቅኩ፣ የለበስኩትን ጋቢ አውልቄ እቀመጣለሁ። ሌላ ላደርግልህ የምችለው ነገር የለኝም።

ማርታ አንድ ቀን፣ አባቴን እዚያ ማን ተወው ብላ ትጠይቀኛለች። ባሕሩ አልላትም፤ እኔ ነኝ እላታለሁ። ከዚያ ቁጭ አድርጌ፣ አሳሳቅህን፣ አካሄድህን፣ ስትዋሽ ጆሮህን እንደምታክክ፣ ምንም ሳላስቀር እነግራታለሁ። እኔን ብትጠላኝም፣ አንተን ግን ታውቅሃለች።

ትዕግሥት