ብርቄ እሑድ የምትሄድበት ቤት

እሑድ፣ ኅዳር 8። ከሰዓት

አሁን ከጸሎት ቤት መግባቴ ነው። ብርቄ ዛሬም ለመዝሙር አልመጣችም። ሦስተኛ እሑዷ። እዚህ ዓረብ አገር፣ ጃል ኤል ዲብ በሚባል ሰፈር አንድ ክፍል ተከራይተን አብረን እየኖርን የት እንደምትሄድ አላውቅም። እህቶች በመንፈስ በርዳለች ይላሉ። የመዝሙር መሪ ነሽና ምከሪያት ተባልኩ። ያኒ፣ መካሪዋ እኔ!

ረቡዕ፣ ኅዳር 11። ከሥራ መልስ

ጠየቅኳት። ሽንኩርት እየላጠች ነገረችኝ። አሽራፊዬ ሰፈር፣ የድሮ ማዳሟ ጋ። ያቺ በብርድ በረንዳ ላይ ቆልፋ ያሳደረቻት! ፓስፖርቷን ያስቀረችባት! አሁን ግማሽ አካሏ አይታዘዝም፤ ልጆቿ ባሕር ማዶ ናቸው። እሑድ ሠራተኛዋ ስለማትመጣ የሚያጥባት የለም። የሕንጻው ጠባቂ ነው ለብርቄ የነገራት።

ጮኽኩባት። የመኖሪያ ወረቀት የለሽም፣ አንድ ስልክ ብትደውልብሽ ትታሰሪያለሽ አልኩ። ሽንኩርቷን መላጥ ቀጠለች።

«መዘመርማ ደስ ይለኛል እኮ፣ እታለም። ጌታ ደስ የሚለኝን ብቻ ቢጠይቀኝ ምን ችግር ነበረብኝ?»

ተናድጄ ተኛሁ።

እሑድ፣ ኅዳር 15። ማታ 12፡00

አብሬያት ሄድኩ። መብራት የለም፤ አምስት ፎቅ በእግር። ማዳም ሰላምታችንን አልመለሰችም። እጅሽ ቀዝቃዛ ነው ብላ ተቆጣች። ብርቄ እጇን ሙቅ ውሃ ውስጥ ነክራ፣ አሙቃ ተመለሰች። ጀርባዋን አጠበችላት። ጥፍሯን ቆረጠችላት። ሾርባ በማንኪያ አበላቻት። ምስጋና የለ፣ ይቅርታ የለ።

ስንወርድ ብርቄ ደረጃው ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች። ይቅር ያልኳት ይመስለኛል፤ በረንዳውን ሳይ ግን እንደገና ይነሳብኛል አለችኝ። ታዲያ ለምን ትመለሻለሽ? አልኳት።

«እስኪለቀኝ ነዋ።»

ማስታወሻዬ፣ ስለ መስቀል ስንት ዓመት ዘመርኩ! ተሸክሞት ደረጃ የሚወጣ ሰው ግን ገና ዛሬ አየሁ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 21

ብርቄን ትኩሳት ይዟታል። ነገ እሄዳለሁ ትላለች። አትሄጂም፣ ኸላስ! አልኳት። እኔ ደግሞ ነገ ብቻዬን የምዘምረው አለኝ፤ ወር ሙሉ የተለማመድኩት። ቀሚሴን ተኩሻለሁ።

ትኩሳቷ እንዲበርድ ስጸልይ ዋልኩ። ላንቺ ልዋሽ፣ ማስታወሻዬ? ለሷ ብዬ አልነበረም፤ በሷ ፋንታ እንዳልሄድ ነው።

እሑድ፣ ኅዳር 22። ጠዋት 1፡30

አልበረደላትም። ለጸሎት ቤት ደውዬ አልመጣም አልኩ። ለምን ሲሉኝ ሥራ አለኝ ብቻ አልኩ፤ ብርቄ እንዳይወራ ትፈልጋለች። ማዳም ግራ ትከሻዋን ያማታል፣ ስታጥቢያት ቀስ በይ አለችኝ። ሳሙናውንም ነገረችኝ፤ የወይራው።

እፈራለሁ። እኔም ወረቀት የለኝም። ልቤም ደስ አላለውም። ግን ጂንሴን ለብሻለሁ፣ ጫማዬን አስሬያለሁ። ታች ሰርቪስ ታክሲው ክላክስ ያሰማል፤ ካመለጠኝ ሌላው እስኪመጣ ይረፍድብኛል። ሄድኩ።