በጋን አንገት የሚጠረግ መዳፍ

ደብረ ማርቆስ፣ ሰኞ ጠዋት

ለቀድሞ እጮኛዬ፣

እንደምን አለህ? ባሕር ዳር ሙቀቱ በርትቷል ሲሉ ሰማሁ፤ ያ ራስ ምታትህ ተነሥቶብህ እንዳይሆን። ይህን ስጠይቅህ ከልቤ ነው። ቁጣዬም ከልቤ ነው፤ ሁለቱን አንድ ላይ ተቀበል። እኔ ደህና ነኝ። እናቴም ደህና ናት፤ አልፎ አልፎ ጉልበቷን ያማታል እንጂ ሥራዋን አላቆመችም።

ሦስት ዓመት ሙሉ አልጻፍኩልህም። ዛሬም ብዕር ያነሣሁት ያዘጋጀኸው የቅዳሜና እሑድ ጉዞ እንዴት እንዳለፈ ልነግርህ ነው። ለቢሮ የሚሆነውን አስተባባሪህ ሂዊ ትጽፍልሃለች። ይሄኛው ላንተ ብቻ ነው።

ሂዊ ስትደውልልኝ የድርጅቱ ባለቤት አንተ መሆንህን አልነገረችኝም። «በትንንሽ ከተሞች የሚጠመቀውን ጠላ ሊጎበኙ ስድስት እንግዶች ከአዲስ አበባ ይመጣሉ፤ አጠማመቁን በሳይንስ የምታስረዳ ባለሙያ ፈልገን ነው» አለችኝ። ደስ አለኝ፣ አልደብቅህም። ሁለተኛ ዲግሪዬን የሠራሁት በዚሁ በጠላ ላይ ነው፤ እስከ ዛሬ ግን ከፈታኞቼ በስተቀር ስለ ጌሾና ብቅል አስረጂን ያለኝ ሰው አልነበረም።

ቅዳሜ ጠዋት ሚኒባሱ ውስጥ ገብቼ በየወንበሩ የተቀመጠውን ብሮሸር ባነሣው ከጀርባው ያንተ ፎቶ አለ። ልወርድ ብድግ አልኩ። ሾፌሩ መሳፍንት «እህቴ፣ ወይ ውረጂ ወይ ዝጊው፤ ብርዱ ሳይከፍል ሊሳፈር ነው» አለኝ። ሳቄ አመለጠኝ፤ በሩን ዘግቼ ተቀመጥኩ። ያ ሳቅ ነው ያስቀረኝ።

መጀመሪያ ሮብ ገበያ ወደምትባለው ከተማ ወጣን። ጠላው ገና ጉሽ ነበር። እንግዶችህ ብርጭቆውን ወደ መስኮቱ ብርሃን እያነሡ ቀለሙን ያያሉ፣ ያሸታሉ፣ ማስታወሻ ይይዛሉ። አንዱ ባለ ኮፍያ «ይሄ እኮ በውጭ አገር ሰው ተሰልፎ የሚጠጣው ነው» ይላል። እኔ ብቅሉ ስኳሩን እንዴት እንደሚለቅ ሳስረዳ መሳፍንት ከበሩ ሥር ሆኖ «ሳይንሱ ሲያልቅ ንገሩኝ፣ የእኔ ብርጭቆ አልቋል» አለ። በሥራው ብታቆየው ይሻልሃል፤ እንግዶቹ ከእኔ ይልቅ እሱን ወደውታል።

ስንመለስ ሂዊ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ የቀኑ የመጨረሻ ማረፊያ የእናቴ ቤት መሆኑን ነገረችኝ። ቀጥላም፣ ልጅቷ እያፈረች ነው ያለችው፣ «አለቃችን የቤቱ ባለቤት እናትሽ መሆናቸውን ባትናገሪ ይሻላል ብሏል። ባለሙያዋ ገለልተኛ ብትመስል ጥሩ ነው አለ» አለችኝ።

ገለልተኛ!

ቃሉ ለአንተ ያምርብሃል። እናትህ ቤታችንን ሊያዩ የመጡ ዕለት ገለልተኛ ነበርክ። ያን ቀን እናቴ ጠጪዎቿን ሁሉ አሰናብታ፣ ወለሉን አጥባ ጠበቀቻቸው። አንተ አስቀድመህ ስታስፈራራኝ ሰንብተሃል፤ «እናቴ የጨዋ ልጅ ናት፣ እኔ ሳልወለድ የሞቱት ሴት አያቴ ባለ ሰፊ ርስት ነበሩ» እያልክ። እናቴ ጠላውን ቀዳች፤ እጇ የለመደውን አደረገ። በግራ መዳፏ ላይ ጠብ አድርጋ ፉት አለችና ብርጭቆውን በሁለት እጇ አቀረበች። እናትህ ወይዘሮ ማሬ መዳፏን አዩ። ብርጭቆውን ሳይቀምሱ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። ደጅ ሲወጡ «ልጄን ለጠላ ቀጂ ልጅ አልድርም» አሉ። እናቴ ሰምታለች። አንተ ጫማህን ታይ ነበር።

እና አሁን በብሮሸርህ ምን አልክ? በቃሌ ይዤዋለሁ፦ «ቀጂዋ ለእንግዳዋ ከመስጠቷ በፊት ጥቂት ጠላ በግራ መዳፏ ታንጠባጥባለች፤ ቀምሳም መዳፏን በጋኑ አንገት ትጠርጋለች። ይህ የመተማመን ምልክት የሆነ ክቡር ባህላችን ነው።» ክቡር! ያችው መዳፍ እኮ ናት። ያን ጊዜ ታሳፍር የነበረች መዳፍ ካሜራ ሲመጣ ከበረች።

የእናቴ ቤት ስንደርስ እንግዶቹን መሐል ወለል ላይ አቁሜ «ያደግሁበት ቤት ይሄ ነው። ጠማቂዋ እናቴ ናት። ዩኒቨርሲቲ የላከችኝ በዚህ ጠላ ነው» አልኳቸው። አጨበጨቡ። ሂዊ መሬት መሬት አየች፤ አትቆጣት፣ ልታስቆመኝ አትችልም ነበር። ጥግ ላይ የሚቀመጡት አያ ደርቤ «እኛ ይህን ቤት ሃያ ዓመት ስንጎበኝ ማን አጨበጨበልን? ፎቶስ ማን አነሣን?» ብለው ቤቱን በሳቅ ገደሉት። እናቴ ግን እንደዚያ ቀን አልተሸማቀቀችም። ቀዳች፣ ቀመሰች፣ ሰጠች፤ ስድስት ጊዜ።

ከዚያ ባለ ኮፍያው ብሮሸርህን አነበበላት። እስከ መጨረሻው አዳመጠችና «ደህና ጽፏል። ግን እኔ መዳፌን በጋን አንገት ጠርጌ አላውቅም፤ ነጠላዬ ምን ሊሠራ? ይሄንን ሌላ ቤት ነው ያየው» አለች። ፎቶህን አየችው። ስምህን አልጠራችም፤ ብሮሸሩን ገልብጣ እርጥብ ጆግ አስቀመጠችበት። እኔም የጋን አንገቱን ነገር ለማሳመር የጨመርከው መስሎኝ ተውኩት።

እሑድ እንግዶቹ ወደ አንተ ሲመጡ እኔም ደምበጫ ድረስ ሸኘኋቸው፤ እዚያ አረፍን። በዝርዝርህ ያስገባኸው ቤት ተዘግቶ አገኘነው፤ መሳፍንት «እኔ የማውቀው ይሻላል» ብሎ ከገበያው ጀርባ ወሰደን። ባለቤቷ እማማ ያለምወርቅ ይባላሉ። ሰማንያ ሳይሞላቸው አይቀርም። ጆጉን በሁለት እጃቸው ደግፈው ቀዱ፣ በመዳፋቸው ቀመሱ፣ መዳፋቸውን በጋኑ አንገት ጠረጉ። የጋኑ አንገት ከመጠረግ ብዛት እንደ ቅቤ ቅል ያብረቀርቃል።

ደንግጬ ለምን እንዲህ እንደሚያደርጉ ጠየቅኋቸው። «የጋኗ ድርሻ ነው» አሉና ሳቁ። «ልጄ ሕፃን ሆና፣ አብራኝ ስትቀዳ፣ እሷ ያመጣችው ጨዋታ ነው። ጋኗም ትቅመስ አለች። በዚያው ለመደብን። ሌላ ቤት አታገኚውም።»

ብሮሸሩን ሰጠኋቸው፤ ማንበብ እንደማይችሉ አላወቅሁም። ገልብጠው ፎቶህን አዩ። ወደ በሩ ብርሃን ይዘውት ወጡ። «ይህን ጆሮ አውቀዋለሁ» አሉ፤ «የባሌ ጆሮ ነው።» ከዚያ እንግዶቹ እንዳይሰሙ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ጠየቁኝ፦

«ማሬ ደህና ናት?»

እኔ ስም አልጠራሁም። ብሮሸሩ ላይም የእናትህ ስም የለም።

ደህና ናቸው አልኳቸው። ፎቶው የልጅ ልጃቸው የአንተ መሆኑን ነገርኳቸው፤ ባሕር ዳር እንዳለህ፣ ደህና እንደሆንክ። ስለ እኔና ስለ አንተ አልነገርኳቸውም። ክንዴን ያዙኝና «እናቴ ሞታለች ብላው ከሆነ አንቺም ሞታለች በዪው። ልጄን ውሸታም እንዳታደርጊብኝ» አሉኝ።

ሌሊቱን አልተኛሁም። እናትህ ብርጭቆውን ሲያስቀምጡ ዓይናቸው ከእናቴ መዳፍ አልተነቀለም ነበር። ንቀት ነው ብዬ ሦስት ዓመት ይዤው ኖሬያለሁ። አሁን ምን እንደምለው አላውቅም፤ ለእሳቸው አዝኛለሁ። ላንተ ግን አላዘንኩም። እሳቸው የሚፈሩት ነገር ነበራቸው፤ አንተ የነበረህ ጫማ ብቻ ነው። ደግሞ አንድ ነገር መልስልኝ፤ ለእኔ ሳይሆን ለራስህ። ደምበጫ እዚያ ቤት ገብተህ አታውቅም። ታዲያ መዳፍ በጋን አንገት ሲጠረግ የት አየህ? የማን እጅ ነው፣ ማንም አያየኝም ባለ ጊዜ፣ በቤታችሁ የውኃ ማሰሮ አንገት ላይ ሲያልፍ ያየኸው?

እንግዲህ የተባልኩትን አደርጋለሁ። አያትህ ሞተዋል። የሞቱበትን ቤት ማየት ከፈለግህ ደምበጫ ከገበያው ጀርባ ነው፤ በሩ ሰማያዊ ቆርቆሮ ነው። በገበያ ቀን አትሂድ፣ ጠጪ ይበዛባቸዋል። ጆጉ ይከብዳቸዋል፤ አንሣላቸው። ካሜራ አትያዝ። ቀድተው ሲሰጡህ አስቀድመው እሳቸው ይቀምሳሉ፤ አንተ ሳትቀምስ እንዳታስቀምጠው።

የእናቴን ቤት ከጉዞህ ልታስወጣው ትችላለህ። ካቆየኸው ግን ስሟን በትልቁ ጻፍበት፤ ከሥሩም አስረጂዋ ልጇ መሆኗን። ገለልተኛ አይደለሁም።

እናትህን ሰላም በልልኝ። እግዜር ዕድሜ ይስጣቸው፤ ለደምበጫዋም ይጨምርላቸው፣ ሁለቱ ሳይገናኙ አይምሽባቸው። ላንተም ቀና የምትልበትን አንገት ይስጥህ።

የጠላ ቀጂዋ ልጅ