የባዜቃው ትምህርት እርማት

ለምወድሽ ልጄ ለጃለቱ፤

እንደምን ከርመሻል? ጤናሽስ? ምግብ ይስማማሻል ወይ? ባልሽ ኦብሳስ ደህና ነው? የሚኒሶታ ብርድ ገና በጥቅምት ጀመረ ብለሻልና ከሁሉም ከሁሉም እግርሽን አሙቂ። እኛ ደህና ነን። ዝናቡ ዘግይቶም ቢሆን ጥሏል። ጉልበቴም ከመቀመጫ ስነሳ ካልሆነ አያስቸግረኝም።

ደብዳቤሽን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። በምትሠሪበት የኤሌክትሪክ ማመንጫ ከድንጋይ ከሰሉ ጭስ ጋር ባዜቃ እንደሚወጣ፣ ጭሱ ውስጥ የከሰል ዱቄት ሲነፉበት ባዜቃው ዱቄቱ ላይ እንደሚጣበቅ፣ ዱቄቱንም ትልልቅ የጨርቅ ከረጢቶች እንደሚያስቀሩት በደንብ አስረድተሽኛል። ይህን ክፍል ብቻ ለእናትሽ ሳነብላት፣ እኛ የወተት ዕቃ በከሰል ስናጥን የኖርነውን ፈረንጆቹ ዛሬ ደረሱበት እንዴ ብላ ሳቀች። ጎረቤታችን ዲባም እናትሽን እያየ፣ ታዲያ ዳዶን ለምን አይቀጥሯትም አለ።

እኔ ግን አልሳቅኩም። ዱቄቱ ባዜቃውን ያዘው እንጂ አላጠፋውም። ከጭሱ የተወሰደው ከረጢቱ ውስጥ አለ። ከረጢቱን የምትቀይሪው ደግሞ አንቺ ነሽ፤ ያውም የሦስት ወር እርጉዝ ሆነሽ። ለአለቃሽ ያልነገርሽው፣ በቡድኑ የመጀመሪያዋ ሴት ነሽና ሴት አትችልም ብለን ነበር እንዳይሉሽ መሆኑ ገብቶኛል። ጓንትና ማስክ አለኝ፣ እጄም ላይ ምንም አይታይም ያልሽው ግን ከልቤ አልወጣ አለ፤ እንዲህ ብሎ ያስተማረሽ አባትሽ ነውና።

ያቤሎ፣ ስድስተኛ ክፍል ትዝ ይልሻል? መስኮቱ መስታወት ስላልነበረው ካርቶን ለጥፈንበት ነበር። ከተሰበረ ቴርሞሜትር ያጠራቀምኩትን ባዜቃ በሰሃን ይዤ ገባሁ። በየተራ መዳፋችሁ ላይ አንከባለላችሁት። ክፍል ውስጥ አባባ እንዳትይኝ ከልክዬሽ ነበርና፣ ቲቸር፣ ይሄ ብር ነው ውሃ ብለሽ ስትጠይቂኝ ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ፊቴን ወደ ሰሌዳው አዙሬ ሳቅኩ። መምህር በመሆኔ እንደዚያ ቀን የተደሰትኩበት ጊዜ ጥቂት ነው። ዛሬም ደጃፌ ተቀምጬ ከኬላው የሚመጡትን የጭነት መኪኖች ሳይ፣ ልቤ እዚያ ክፍል ገብቶ ማን የት እንደተቀመጠ በየረድፉ ያስታውሳል። ስደት ወጥተን ዋልዳ የስደተኞች ካምፕ ድንኳን ውስጥ ሳስተምር እንኳ፣ ባዜቃ ባይኖረኝም፣ ያንኑ ትምህርት ደግሜዋለሁ።

ሰሌዳው ላይ የጻፍኩላችሁ፣ እጅ ላይ የማይቀር ነገር አይጎዳም የሚል ነበር። ስህተት ነው። በእጅ ባይቀር በትንፋሽ ይገባል፤ አዋቂን ያልጎዳው የጽንስን አእምሮ ሊጎዳ ይችላል። ለማረጋገጥ እዚህ ጤና ጣቢያ ያለችውን ነርስ፣ ሮዝን፣ ጠየቅኳት። መጀመሪያ፣ መምህር መሆኔን ስለምታውቅ፣ ምዋሊሙ፣ በዚህ ዕድሜዎ ደግሞ ማን አረገዘብዎት ብላ አሾፈችብኝ። ነገሩን ስነግራት ግን ሳቋን አቆመች፤ ዛሬውኑ ከዚያ ዱቄት ትራቅ አለች።

ልጄ፣ ደብዳቤው የደረሰሽ ዕለት ለአለቃሽ ንገሪው። እስክትወልጂ ሌላ ሥራ ይስጥሽ። ቢያሾፉም ያሹፉ፤ ስትመለሺ መቻልሽን ያዩታል።

በስልክ ያልነገርኩሽ እናትሽ ከጎኔ ስለማትጠፋ ነው፤ ሆዴ ሳይታይ አትንገራት ብለሽኛልና። ደብዳቤው ነገ ናይሮቢ ወርዶ በፈጣን ፖስታ ይመጣልሻል።

ወንድምሽ ሂካ ከነልጆቹ ሰላም ይልሻል፤ ትንሿ ስምሽን መጻፍ ችላለች። ዲባም ሰላም ብሎሻል። ለኦብሳ የአባትነት ሰላምታዬን አድርሺልኝ። እናትሽ ጉንጭሽን ትስማለች። ለአለቃሽ የነገርሽው ዕለት ደውዪ፤ እኔን ምንም አትበዪኝ፣ እማማን አገናኘኝ በዪና ማርገዝሽን አብስሪያት። እኔ እልልታዋን ስሰማ ይበቃኛል።

አባትሽ ዋቆ

ሞያሌ፣ ኬንያ
ኅዳር 12 ቀን 2002 ዓ.ም.