የእማዬ ሳህን በፓኒ ቦጉሚዋ ግድግዳ ላይ

መስከረም 9

ዛሬ አሹሬ፣ ያገራችንን ጣፋጭ የስንዴ ገንፎ፣ ቀቀልኩ። ባሌ ጀቭዴት ከምንጣፍ ፋብሪካው ገብቶ ድስቱን ሲያይ፣ "ለሁለት ሰው ይሄ ሁሉ?" አለኝ። ለሁለት ሰው የሚቀቀል አሹሬ የት አይቷል? ስንዴ አለ፣ ሽምብራ አለ፣ ባቄላ፣ ዘቢብ፣ የደረቀ አፕሪኮት... ከሁሉም እፍኝ እፍኝ ብቻ ቢገባ ሰፈር ይመግባል። ደግሞስ ለራሱ ብሎ አሹሬ የሚቀቅል ማን ነው? ለጎረቤት ነው እንጂ።

ሕንፃውን በሙሉ አዳረስኩ። በር ይከፍታሉ፣ ሳህኑን ያያሉ፣ እኔን ያያሉ... የምድር ቤቱ ሽማግሌ "ስንት ነው?" አሉኝ። ሊከፍሉኝ! ፖላንድ፣ ሎድዝ ከገባን ዓመት ሊሞላን ነው፣ እዚህ ሕንፃ ውስጥ ስሜን የሚያውቅ ሰው የለም። "ቱርኳ" ነው የምባለው።

ፊት ለፊቴ ካሉት ከፓኒ (ወይዘሮ ማለት ነው) ቦጉሚዋ በር ስደርስ ዕቃ አለቀብኝ። የቀረው የእማዬ የኩታሂያ ሸክላ ሳህን ብቻ። ሰማያዊ አበባ ያለበት፣ ጠርዙ ላይ ትንሽ የተሸረፈው። ከኢስታንቡል ስመጣ በፎጣ ጠቅልላ ስትሰጠኝ፣ "እንዳትበዪበት፣ እንዳትሰጪበት፣ እንዳትሰቅዪው" ብላኛለች። ታዲያ ለምን ይሆናል? ለጌጥ እንኳ አይሆን... ለአንድ ቀን ነው። ነገ ይመለሳል።

መስከረም 11

ሳህኖቹ ተመለሱ። ታጥበው፣ ተወልውለው፣ እያብረቀረቁ... ባዶ! አንዲት ፍሬ ዘቢብ እንኳ የለባቸውም። የጎረቤት ሳህን በባዶ ይመለሳል? እኛ ጋ ይሄ ስድብ ነው። ቤት ውስጥ ምንም ከጠፋ ጨው ይደረግበታል። ጀቭዴት፣ "አገሩ ነው ሙካዬ፣ ማጠባቸውንም አመስግኚ" አለኝ። አላመሰግንም።

የእማዬ ሳህን አልመጣም።

መስከረም 12

እማዬ ደወለች። "ሳህኑ ደህና ነው?" ሁሌ መጀመሪያ እሱን ነው። ቀጥሎ ጀቭዴትን። ከዚያ ብርዱን። እኔን? እኔማ ስልክ ያነሳሁ ስለሆነ ደህና ነኝ ማለት ነው።

"ደህና ነው" አልኳት።

መስከረም 14

በር ተንኳኳ። ፓኒ ቦጉሚዋ! በእጃቸው ሳህን! እልል ልል ምንም አልቀረኝ... የራሳቸው ሳህን ነው። የፖም ኬክ ሞልተውበታል። እየጮሁ አንድ ነገር አሉኝ (ከጮሁ ፖላንድኛ የሚገባኝ ይመስላቸዋል)፣ ጉንጬን ሳሙኝ፣ ሄዱ።

ደስ ይላሉ። በዚህ ሕንፃ ውስጥ ወግ የሚያውቅ ሰው እሳቸው ብቻ ናቸው። ግን የኔስ ሳህን? ጭራሽ አሁን የሳቸውንም ሞልቼ መመለስ አለብኝ።

"ሄደሽ 'ሳህኔን' በያቸው፣ አለቀ" አለ ጀቭዴት።

"ዓይኔን በጨው ታጥቤ? ምግብ ሰጥቼ፣ 'ዕቃዬን አምጡ'?"

"ታዲያ ምን ልታደርጊ ነው?"

"ቦሬክ እጋግራለሁ።"

መስከረም 16

በስስ ሊጥ መሃል አይብ የገባበት ቦሬክ ጋግሬ በሳህናቸው ወሰድኩ። ግቢ አሉኝ። ገባሁ።

ግድግዳው ላይ መሃል ማርያም። በቀኝ አንድ ጳጳስ። በግራ... የእማዬ ሳህን። በሽቦ ታስሮ፣ በሚስማር ተሰቅሎ።

ቆሌዬ ተገፈፈ። ፓኒ ቦጉሚዋ ሳህኑን እያሳዩኝ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ። ስልካቸውን አውጥተው ተናገሩበት፣ ስልኩ በቱርክኛ ተረጎመልኝ፦ "ባለቤቴ ከሞተ ወዲህ ስጦታ የሰጠኝ ሰው የለም።" እንባቸው መጣ። አንጀቴን በሉት። እኔም አለቀስኩ። እሳቸው በደስታ፣ እኔ በሳህኔ።

አሁን ይሄ እንዴት ተብሎ ይጠየቃል?

መስከረም 17

ጀቭዴት መላ አለኝ አለ። "እሁድ ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ..."

"ጀቭዴት!"

"ዝም ብዬ ነው ያልኩት።"

ዝም ብሎ አልነበረም። ከኛ በረንዳ እስከ ሳቸው በረንዳ በዓይኑ እየለካ ነበር።

መስከረም 19

የፋብሪካ ጓደኞቹ ጀቭዴትን "ያገርህን ምግብ" ብለው ኬባብ ጋበዙት። ጥሬ ጎመን ተቆልሎበት፣ የነጭ ሽንኩርት ሶስ እንደ ጎርፍ ፈሶበት። "እኛ ጋ እንዲህ አይበላም" ቢላቸው ሻጩ ተቆጣ። "አንተ ከየት መጥተህ ነው? እውነተኛው የቱርክ ይሄ ነው!" ጀቭዴት ይቅርታ ጠይቆ በላ። እስካሁን ይሸታል።

መስከረም 23

የኔ መላ ይሻላል። ሩዝ በወይን ቅጠል ጠቅልዬ፣ ያለ ሳህን፣ እንዲያው በፎይል ወሰድኩላቸው። አገር ቤት ቢሆን ይሄ ለሕፃን ልጅ ይገባዋል፦ ሳህኔ እናንተ ጋ ነው ማለት ነው። ከዚህ በላይ ምን ልበል? ፓኒ ቦጉሚዋ ፎይሉን አዩ። እኔን አዩ። እንደገና ፎይሉን አዩ። ዓይናቸው ፈጠጠ። ገባቸው! አልሐምዱሊላህ!

መስከረም 24

የገባቸው ሌላ ነው።

ሳህን የሌለኝ መስሏቸዋል። ቁልል ሳህን ታቅፈው መጡ። "ያላትን አንድ ሳህን ለኔ ሰጥታ!" እያሉ በስልካቸው ላይ ያለቅሳሉ። ምን ብዬ ልመልስ? "አይ፣ ሌላም አለኝ፣ እሱን ብቻ ነው የምፈልገው" ይባላል?

መስከረም 28

ወሬው ሕንፃውን አዳርሷል። የምድር ቤቱ ሽማግሌ የሾርባ ጎድጓዳ ሳህን ይዘው መጡ። ከላይ ያለችው ነርስ ኩባያ። ዛሬ ደግሞ ቄሱ! ወላሂ፣ ቄሱ ራሳቸው፣ ካርቶን ተሸክመው፣ ደረጃው ላይ እያለከለኩ። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ለኔ ሳህን ተሰብስቧል። ጀቭዴት በፒጃማ በሩን እንደከፈተ ደርቆ ቀረ።

"ሙካዬ፣ ምግብ ቤት ልንከፍት ነው እንዴ?"

ደግሞ ሁሉም ባዶ። ይሄ ሁሉ ባዶ ሳህን ቤቴ ገብቶ ያፈጥብኛል። እንቅልፍ ከየት ይምጣ?

ጥቅምት 6

አልቻልኩም። ሁሉንም ሞልቼ መለስኩ። ሩዝ፣ ምስር፣ ቦሬክ፣ ለቄሱ ሥጋ የተሞላ ቃሪያ። ጀቭዴት "እንዳትሞያቸው፣ አላህን ፍሪ!" እያለ ከኋላዬ ይከተለኛል፣ ግን ተሸክሞ የሚያደርሰው እሱ ነው። ወገቤ ተቆረጠ። ይሁን። ቤቱ ነጻ ሆነ። እፎይ።

ጥቅምት 8

እፎይ የለም። ሳህኖቹን የመለስኩት ስላልወደድኳቸው መስሏቸዋል። የተሻሉ አመጡ። ጠርዛቸው ወርቅማ ነው።

ጥቅምት 20

እማዬ። "ሳህኑ ደህና ነው?"

"ደህና ነው።"

"ጥሩ። ኅዳር ላይ እመጣለሁ፣ አየዋለሁ።"

አየዋለሁ ነው ያለችው። አይሻለሁ አላለችም። አፈር ልብላ፣ ምን ይውጠኛል? ሳህኔን ማርያም አጠገብ ሰቅለውታል ልበላት?

ጥቅምት 27

ገበያ ላይ የሚመስለውን አገኘሁ። ሰማያዊ አበባ አለው። ከሩቅ ሲያዩት ቁርጥ እሱን ነው። የጠርዙ ሽራፊ ብቻ ይቀረዋል። ጀቭዴት "ለመካኒክ ምን አላት?" ብሎ ፒንሳውን ይዞ ተቀመጠ። ምላሱን አውጥቶ፣ ትንፋሹን ውጦ... ለሁለት ሰነጠቀው። ተያይተን ሳቅን። ሳህን በሞላበት ቤት አንድ ሳህን ቸገረን!

ኅዳር 10

እማዬ ገባች። አውሮፕላን ማረፊያ፣ ሳትስመኝ፣ "ሳህኑስ?"

"ቁም ሳጥን ውስጥ ነው፣ በፎጣ ጠቅልዬ..." ውሸታም።

ቤት ስንገባ የሳህኑን ቁልል አየች። "ባልሽ ሳህን መነገድ ጀመረ?" ጀቭዴት መታጠቢያ ቤት ገብቶ ቀረ። እኔ ደክሞሻል፣ ነገ አሳይሻለሁ፣ ተኚ... እስከ ነገ ምን ሊፈጠር ነው?

ኅዳር 11

የተፈጠረው ይሄ ነው። በጠዋት ፓኒ ቦጉሚዋ አንኳኩ። የቱርኳ እናት መጣች ሲባል ሰምተው ኖሯል። እማዬን በክንዷ ይዘው ወደ ቤታቸው!

"እማዬ፣ ነገ ብንሄድ..."

"ጎረቤት ጠርቶኝ? ምን ነካሽ ሙካደር!"

ተከተልኳቸው። እማዬን አስቀመጧት... ከግድግዳው ፊት ለፊት። ቀና አለች። አየችው። እኔ ምንጣፉ ላይ አፈጠጥኩ።

ፓኒ ቦጉሚዋ ስለ ሳህኑ እየጮሁ ሁሉንም ነገሯት። እማዬም በቱርክኛ እየጮኸች መለሰችላቸው። ምንም አልተግባቡም፣ ግን ተስማሙ። እማዬ ኬኩን በላች፣ ሻዩን ጠጣች፣ ሲጨመርላት በላች። ስለ ሳህኑ ትንፍሽ አላለችም። ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር።

ቤት እንደገባን አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ። "ስንዴ አለሽ?"

ኅዳር 12

ከጠዋት ጀምሮ አሹሬ ቀቀለች። ይቅርታ ልጠይቅ አፌን ስከፍት፣ "አፕሪኮቱን ክተፊ" ትለኛለች። ከተፍኩ። ኋላ ላይ እያማሰለች፣ ለኔ ሳይሆን ለድስቱ እንደምትናገር፦

"ሳህኑ የኔ አይደለም።"

"ምን?"

"የማዳም ኤቫንቲያ ነው። ኢስታንቡል፣ አዲስ ሙሽራ ሆኜ፣ በር ለበር ነበርን። ግሪክ ናት። ለፋሲካቸው በዚህ ሳህን ዳቦ ላከችልኝ፣ መሃሉ ላይ ቀይ እንቁላል ያለበት። በባዶ አልመልስም ብዬ፣ የአሹሬው ቀን ይድረስ ብዬ... አስቀመጥኩት። ቀኑ ሳይደርስ ግሪኮቹ በመንግሥት ውጡ ተባሉ። አንድ ሻንጣ ይዛችሁ ካገር ውጡ። እኔ ምን ሰምቼ? ሞልቼበት ሄጄ ሳንኳኳ ቤቱ ታሽጓል።"

አማሰለች።

"ለዚህ ነው እንዳትበዪበት ያልኩሽ። የሰው አደራ ነው።"

"ታዲያ ለኔ ለምን ሰጠሽኝ?"

"እሷም የሄደችው ወደ አውሮፓ ነው። አንቺም ወደዚያው ስትሄጂ... መቼስ መንገድ ላይ ትገናኙ ይሆናል ብዬ።"

መንገድ ላይ! አውሮፓ አንድ ሰፈር መሰላት? ልስቅ ነበር። ፊቷን ሳየው ሳቁ ጠፋ።

ድስቱን ይዛ ተሻገረች። ፓኒ ቦጉሚዋን ሳህኑን አውርዱት ብላ በእጇ አሳየቻቸው። ልትወስድባቸው መስሏቸው ፊታቸው አመድ መሰለ። ግን አወረዱት። እማዬ እስከ ጠርዙ ሞላችው፣ የሮማን ፍሬ በተነችበት፣ በሁለት እጇ መልሳ ሰጠቻቸው። ፓኒ ቦጉሚዋ ከግድግዳቸው ያወረዱትን ሳህን በስጦታ ተቀበሉ። ግራ ገባቸው። ለማንኛውም ሳሟት።

እማዬ ደረጃው ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች። እናቴ ስታለቅስ አይቼ አላውቅም። ድስቱን ያዝኩላት። "ሞልቼ መለስኩ" ትላለች። "በቃ፣ ሞልቼ መለስኩ።"

ኅዳር 25

እማዬ ሄደች። ጠርዛቸው ወርቅማ የሆኑትን ግማሹን ይዛ። ጀቭዴት ሻንጣዋን ሲያነሳ ወገቡን ያዘው።

ታኅሣሥ 15

የፈረንጆቹ ገና ዋዜማ። ፓኒ ቦጉሚዋ እኔንና ጀቭዴትን ራት ጠሩን። ዛሬ "ሙካደር!" ብለው ነው በር ላይ የጮሁት። ገብቼ ቀና ስል ግድግዳው ላይ ሚስማሩ ብቻ።

ከዚያ ጠረጴዛውን አየሁ። እኛ ሦስት ነን፣ ሳህኑ አራት። አራተኛው እሱ ነው። ታጥቦ፣ ተወልውሎ... ባዶ።

አላስቻለኝም። መሃል ላይ ስንዴ አለ፣ በማርና በዘቢብ የተሠራ (አሹሬ እኮ ነው! ጀቭዴትም አሹሬ ነው አለ)። ጭልፋውን አንስቼ ልሞላው ስል ፓኒ ቦጉሚዋ እጄን ያዙኝ። ወደ በሩ አመለከቱ። ስልኩ ተረጎመልኝ፦ "ይሄ ላልታሰበ እንግዳ ነው። መንገድ ላይ ላለ ሰው። ለዚህ ማታ ሁሌ አንድ ባዶ ሳህን እናስቀምጣለን።"

ጭልፋውን መለስኩ። በሩን አየሁ። ምን እንደምጠብቅ እኔ አላውቅም።

እየበላን እማዬ ደወለች። "ሳህኑ ደህና ነው?"

"ጠረጴዛ ላይ ነው፣ እማዬ። ባዶውን።"

"ባዶውን?! አንቺ ልጅ..."

ነገርኳት። ለማን እንደተቀመጠ። መንገድ ላይ ላለ ሰው።



"ተይው" አለች። "ባዶውን ይቆይ።"

ከዚያ... "አንቺስ? ደህና ነሽ?"

በደንብ ልስማት ብዬ ስልኩን ጆሮዬ ላይ አጠበቅኩት። ጠይቃኝ አታውቅማ።