ሳይሰሙ የፈረዱት ፍርድ

ውድ እህቴ ዙለይሃ፣

አላህ ካንቺም ከልጁም ጋር ይሁን። ስልክሽ ከተዘጋ ወዲህ የት እንዳለሽ አናውቅም። ይህን ደብዳቤ ለማን ሰጥቼ እንደምልከው እንኳ ሳላውቅ ነው የምጽፍልሽ።

በቀደም ክፍል ገብቼ እንግሊዝኛ ሳስተምር በምንባቡ ውስጥ «ፕሪጁዲስ» የሚል ቃል መጣ። «ምንጩ ላቲን ነው፤ ‹ቀድሞ› እና ‹ፍርድ› ከሚሉ ቃላት የተሠራ። ነገሩን ሳያጣሩ አስቀድሞ መፍረድ ማለት ነው» አልኳቸው። ኢልሀም የምትባል ተማሪ እጇን አወጣች።

«ቲቸር፣ ቀድሞ የተፈረደበት ሰው ይግባኝ የሚለው ለማን ነው?»

ወደ ሰሌዳው ዞሬ ቃሉን አጠፋሁት።

አንቺን ነበር ያሰብኩት። ከቤሩት ልጅ አዝለሽ የገባሽ ቀን፣ ገና ጫማሽን ሳታወልቂ ሰዉ ፈርዶ ጨርሷል። «የጓደኛዬ የሰርካለም ልጅ ነው፤ እሷ እዚያው ሞተችብኝ። አገሯ አምባሰል ነው፤ ዘመዶቿን እስካገኝ ነው» አልሽ። ጎረቤታችን ረቢያ ልጁን አገላብጣ አየችና «ግንባሩ ያንቺ፣ ዓይኑ ያንቺ» አለች። እኔ አምኜሽ ነበር። የኔ ማመን ግን ምን ፈየደልሽ? ለእናታችን ብነግራት አለቀሰች እንጂ አልሰማችኝም። እጮኛሽ ኑርዬ ሽማግሌ ልኮ ቃሉን አፈረሰ። አንድ ማለዳ ልጁን ይዘሽ ወጣሽ፤ መናኸሪያ ስደርስ መኪናው ሄዷል።

ትናንት አንዲት አሮጊት በራችንን አንኳኩ። ተሻለች ይባላሉ፤ የሰርካለም እናት ናቸው። ከቤሩት የተመለሰች የአገራቸው ልጅ ነግራቸው፣ የልጅ ልጃቸውን ፍለጋ ከአምባሰል መጥተዋል። እናታችን ማን እንደሆኑ ስትሰማ መሬት ላይ ቁጭ አለች። ጎረቤት ተሰበሰበ። ረቢያ «እኔማ የእሷ እንዳልሆነ ድሮም ጠርጥሬ ነበር» ስትል ሰማኋት።

እማማ ተሻለች ማንንም አልወቀሱም። «ልጁ ማንን ይመስላል?» ብቻ ብለው ጠየቁ። ሁሉም ያንቺን መልክ ሲፈልግበት ከርሞ፣ የልጁን የራሱን መልክ ያየ ሰው ጠፋ።

እማማ እስካሁን አልሄዱም። መደቡ ላይ ተቀምጠው በር በሩን ያያሉ። ዙለይሃ፣ ተመለሽ ለማለት አፍ የለኝም። ይህ እጅሽ ከገባ ግን፣ ለእኛ ሳይሆን ለእሳቸው፣ ልጁ ማንን እንደሚመስል ጻፊላቸው።

ወንድምሽ አሕመዲን
ከሐይቅ