የተዘጋው የውስጥ ለውስጥ መንገድ

እሑድ፣ ጥቅምት 10 ቀን 2017 ዓ.ም.

ከቅዳሴ መልስ ብስክሌቷን አወጣሁ። ባለቤቴ ካረፈች ወዲህ ቤቱ አላስቀምጥ ብሎኛል፤ ልጄ «አባዬ፣ እስቲ ወጣ በል» ብላ የገዛችልኝም ለዚሁ ነው። አስፋልቱን ግን አልደፍረውም። ሚኒባስ ከኋላዬ ክላክስ ሲያደርግ ወርጄ ዳር እቆማለሁ። ጸጥ ያለችልኝ ከጳውሎስ ሆስፒታል ጀርባ ያለችው የኮብልስቶን መንገድ ብቻ ናት።

ዛሬ እሷም በልቅሶ ድንኳን ተዘግታለች። እየነዳሁ ልመለስ ብል ቁልቁለቱ ወስዶ አስፋልቱ ላይ ይጥለኛል። ድንኳን አይቶ ዝም ብሎ ማለፍም ነውር ነው። ቆሜ ሳመነታ አንድ የእድር ሰው ብስክሌቷን ተቀበለኝ።

«ጋሼ፣ እኔ እይዝልዎታለሁ፤ ይግቡ።»

ገባሁ። የሞተችው የማላውቃት ሴት ናት። ጋቢ ከለበሰው ባሏ አጠገብ አስቀመጡኝ። «እግዚአብሔር ያጽናዎት» አልኩት። ልነሣ ባልኩ ቁጥር ወይ ንፍሮ ይቀርባል፣ ወይ አዲስ ለቀስተኛ ይገባል። ሰውየው ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ።

«የእሷ ዘመድ ነዎት?»

«አይደለሁም። እኔም ባለቤቴን የቀበርኩ ሰው ነኝ።»

እጄን ያዘኝ። «እንግዲያው ነገም ይምጡልኝ። ሰው ሁሉ ‹አይዞህ፣ ያልፋል› ይለኛል። እርስዎ ግን ያውቁታል።»

እሺ አልኩት።

ብስክሌቷን እየገፋሁ ተመለስኩ። የሸሸሁት ሐዘን ውስጥ ነገ በእግሬ ሄጄ ልቀመጥ ነው። እሺ ያልኩት ለእሱ አዝኜ ነው፣ ወይስ ድንኳኑ እስኪነሣ አስፋልቱ ላይ መንዳት ስለሚቀርልኝ? ጌታዬ፣ አንተ ታውቃለህ፤ እኔ ግን...