በአሥራ ሁለት ሰዓት የሚቆረጠው ፊልም

ማክሰኞ፣ ኅዳር ፲፮

ልጆች ሳለን ዲሹ ላይ ሁለት ጣቢያዎች በአንድ ቁጥር ይፈራረቁ ነበር። ቀን ፊልም ይታያል፤ አሥራ ሁለት ሰዓት ሲሆን ፊልሙ ባያልቅም ተቆርጦ ስብከት ይገባል። አባባ ቄስ ናቸውና "በሉ ዝም በሉ!" ይሉናል። ያን ጊዜ ታላቅ ወንድሜ አያሌው ጓሮ ወስዶ የፊልሙን መጨረሻ ይነግረኛል። ከየት እንደሚያመጣው ጠይቄው አላውቅም።

ዛሬ ወረታ ከተማ ምግብ ቤት ምሳ ስበላ፣ እዚያ ባለው ቴሌቪዥን ከእነዚያ ፊልሞች አንዱን እስከ መጨረሻው አየሁት። ሥራ ፍለጋ የወጣው ልጅ ሳይመለስ አለቀ። አይ አያሌው! ለእኔ ግን "ተመልሶ እናቱን አቀፋት" ብሎኝ ነበር።

እሱም ለሰሊጥ ሥራ ወደ መተማ ሲሄድ "ለሩዙ አጨዳ እደርሳለሁ" ብሎ ነበር። ሩዙ ታጭዶ ተከመረ። ስልኩ አይሠራም።

ቤት ስገባ እማዬ "አያሌው ደወለ ወይ?" አለችኝ።

"ደውሏል፤ እየመጣ ነው" አልኳት።